ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ምንድን ነው?

ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ጠላት በባሕር መተላለፊያ ላይ ያጠመደውን ፈንጂ እያስወገደ ለሌሎች መርከቦች መንገድ የሚከፍት አነስተኛ የጦር መርከብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከነበሩት የባሕር ፈንጂዎች ብዙዎቹ በባሕሩ ወለል ላይ ካረፈ ከባድ ብረት ጋር በሽቦ ታስረው ከውኃው ገጽ በታች የሚንሳፈፉ ነበሩ፤ ጠራጊው መርከብ መቁረጫ የተገጠመለትን ረጅም የብረት ገመድ እየጎተተ ማሰሪያቸውን ይበጥሳል፤ ፈንጂው ሽቅብ ብቅ ሲልም መርከበኞቹ ከርቀት ተኩሰው ያፈነዱታል ወይም ያሰጥሙታል።

ይህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ታላቅ ፍጥነትና ከባድ መድፍ ስለማይጠይቅ፣ ጠራጊዎቹ ከውጊያ መርከብ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ የመትረፍ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ውኃ የወረደው የኔዘርላንድስ ጠራጊ «አብርሃም ክራይንሰን» 56 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ28 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የነበረውም አንድ መድፍና ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ብቻ ነበር።

በየካቲት 1942 መጨረሻ የተባበሩት ኃይሎች በጃቫ ባሕር በጃፓን ሲሸነፉ፣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የነበሩት የኔዘርላንድስ መርከቦች ወደ አውስትራሊያ እንዲያፈገፍጉ ታዘዙ። የክራይንሰን ባሕርተኞች ከጃፓን አውሮፕላኖች ዓይን ለመሰወር ከደሴቶች ቅርንጫፍ ቆርጠው መርከቡን በቅጠል ሸፈኑት፤ ያልተሸፈነውን አካሉንም ድንጋይ እንዲመስል ቀቡት። ቀን ቀን የባሕሩ ዳርቻ አካል መስሎ መልሕቁን ጥሎ ይቆማል፤ ጉዞው ሌሊት ብቻ ነበር። በእኔ ግምት ከቅጠሉ ይልቅ ያዳነው ብርሃን ሳለ ፈጽሞ ያለመንቀሳቀስ ጽናት ነው፤ በባሕር ላይ የሚጓዝ ደሴት የለምና። አብረውት ሊወጡ ከታሰቡት ሦስት መሰል ጠራጊዎች «ያን ፋን አምስተልን» ጃፓኖች አሰጠሙት፤ ሁለቱን የራሳቸው ባሕርተኞች አሰጠሟቸው። ክራይንሰን ግን መጋቢት 20 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጀራልድተን ደረሰ።

በዚያው ዓመት መስከረም ለአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ተሰጥቶ አጃቢ ሆነ፤ በግንቦት 1943 ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ስለ መሸሸጉ ብዙ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የ1945ቱ ተግባሩ ነው፦ በቲሞር የነበረው የጃፓን ጦር እጁን ሲሰጥ፣ ርክክቡን ለመፈጸም ወደ ደሴቲቱ ወደብ ኩፓንግ ለሚገቡት መርከቦች ፈንጂውን ቀድሞ የጠረገው እርሱ ነበር። ዛሬ በኔዘርላንድስ ከተማ በዴን ሄልደር የባሕር ኃይል ሙዚየም ይገኛል።