ኃይሉ ከየት መጣ? ከራማ፣ ዛርና ጅብ በሐረር

ዛሬ ባለ ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅና ሞባይል ባለበት፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ሰዎችን የሚያኖር ድርሰት አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። ኃይሉ ከየት መጣ? ከአባት ነው? ከትምህርት ነው? ወይስ የሰጠው አለ? ሐረር ላይ ለሚጽፍ ሰው መልሱን መፍጠር አያስፈልግም። ከተማው ከጥንት ጀምሮ የራሱ መልሶች አሉት።

በቅድሚያ ግን አንድ ቃል እናጥራ። ሐረር ውስጥ ስለ ወሊዮች፣ ማለትም ስለ እስልምና ቅዱሳን፣ ሥራ ሲወራ «አስማት» ያለ ሰው «አቦ ተው እንጂ!» መባሉ አይቀርም። የወሊ ተአምር ከራማ ነው፣ አላህ የሰጠው። ሲሕር፣ ማለትም መተት፣ ሌላ ነው፣ ሐራም ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ከተፈጥሮ በላይ ናቸው። ለሐረሬው ግን ዋናው ነገር ማን ሰጠው የሚለው ነው።

ሐረር «መዲነተል አውሊያ» ትባላለች፣ የወሊዮች ከተማ። በአፈ ታሪኩ ሼኽ አባድር ዑመር አር-ሪዳ ከ43 ሰዎች ጋር መጡ፣ ከእሳቸው ጋር 44 ሆኑ፣ ከተማዋንም አቀኑ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ በ1998 ዓ.ም. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን 82 መስጊዶችና 102 የወሊ መካናት፣ ማለትም ወሊ የሚዘከርባቸው ቅዱስ ቦታዎች፣ እንዳሉት ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ሃምሳ ሄክታር እንኳ በማይሞላ ቦታ ውስጥ ነው። ጠባቡን መንገድ ስትታጠፉ ወይ መስጊድ ወይ አረንጓዴ በር ያለው መካን ያጋጥማችኋል። ወንዱ ወሊ «አው» ይባላል፣ አባት እንደ ማለት። ሴቷ «አይ» ናት፣ እናት።

መካኑን የሚጠብቀው ሙሪድ ነው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። በረካው፣ ማለትም በረከቱ፣ ግን የእሱ አይደለም። ሙሪዱ ቁልፍ ያዥ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ በረካው የወሊው ነው፣ ወሊው ደግሞ ከአላህ ተቀብሎታል። ማታ ላይ ዕጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል፣ ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባሉት እንጨቶች ይጋጫሉ፣ ዚክሪው፣ ማለትም የውዳሴ ዜማው፣ ይቀጥላል። ልጅ ያጣች፣ የታመመ፣ መንገድ የሚሄድ ሁሉ ዱአ ያስደርጋል። (አንዳንዱ ከራማ ያየ ይመስለውና ነገሩ ምርቃና ሆኖ ይገኛል። ይሄም ያው የከተማው ወግ ነው።) በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓልም የሚከበረው አው ሹሉም አህመድና አው አክበራ መካናት ላይ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ሐረሪ ለዚያ ሰሞን አገሩ ለመግባት የሚጓጓው በከንቱ አይደለም።

ግንቡም ከኃይሉ ድርሻ አለው። ጀጎልን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነጹት አሚር ኑር እንደሆኑ ይነገራል፣ መቃብራቸውም ከሚጎበኙት አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገባ፣ የመጀመሪያው ክርስቲያን ከረገጣት ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት እንዳለ ጽፏል። ከ20 ዓመት በኋላ ግብፆች ያዟት። ነገሩ መገጣጠም ነው የሚል ይኖራል። ድርሰት ጸሐፊ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም።

ለእኔ ከሁሉ የሚማርከው ጅቡ ነው። ሌላው የአገራችን ክፍል በጅብ ልጅ ያስፈራራል። ሐረሪው «ወራባ» ይለዋል፤ አክብሮ ሲጠራው ደግሞ «ደርማ ሼኽ»፣ ወጣቱ ሼኽ እንደ ማለት። ግንቡ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ። ማታ ገብቶ መንገዱን ያጸዳል። የሚያጸዳው አጥንትና ቆሻሻ ብቻ አይደለም፣ ጂኒም ይበላል ይባላል። በአፈ ታሪኩ በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው ሲያጠቁ ወሊዮቹ ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው ገንፎ አበሏቸው፣ ስምምነትም ተደረገ። ለዚህ መታሰቢያ በየዓመቱ በአሹራ፣ በሙሐረም 10ኛው ቀን፣ ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ካስተረፈ ዓመቱ ጥሩ ነው። ካልነካው ወይም ጠራርጎ ከበላው ሰው ይሰጋል፣ ወደ መካን ሄዶ ዱአ ያደርጋል። ቱሪስት የሚያየው የማታ ሥጋ አብሊ ከዚህ ጋር ቢዛመድም ሌላ ነገር ነው። ፎቶው ደማቅ ነው፤ ድርሰት የሚሆነው ግን የአሹራው ገንፎ ነው።

ዛር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ዛር ራሱ ይመርጣል። የተመረጠው ሰው «የዛር ፈረስ» ነው፣ ጋላቢው መንፈሱ ነው። የታወቀው ተረት ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይላል። እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ያማሩትን 15 ደበቀች። «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» ተባለና ዛሮች ሆኑ። ባለ ዛር ሰው ኃይል ሳይጠይቅ ይጫንበታል፣ ከዚያም ሽቶውን፣ ቡናውን፣ የቀለም ምርጫውን እያሟላ ይኖራል። የደብተራው ጥበብ ደግሞ የትምህርት ነው። ክታቡን በብራና ላይ ይጽፋል፣ ርዝመቱንም በባለቤቱ ቁመት ይለካዋል። በክታቡ የሚጻፉትን ምስጢራዊ ስሞች ያላጠና ሰው ሊሠራው አይችልም።

በደም የሚወረስ የሚባለው ቡዳ ነው። ልብ በሉ፣ ማንም የማይፈልገው ኃይል እሱ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ በመላው አገሪቱ ለዘመናት አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ሲያስገልል ኖሯል። ከጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል፣ በሐረሪኛ ግን ባድሮ በሪ ነው። እዚህ ጋ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። «ኃይል በዘር ይወረሳል» ብሎ ጀግና መፍጠር ለጸሐፊ ቀላል ነው። በእኛ አገር ግን ያ ሐሳብ እውነተኛ ሰዎችን ጎድቷል።

ድሬዳዋ ላይ ሥርዓቱ ይቀየራል። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ጀጎል የላትም፣ 44 ወሊም አልመሠረታትም። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወረደ። ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች በደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ይተያያሉ። እዚያ ለሚቀመጥ ታሪክ ኃይሉ ከየቤቱ ሻንጣ ነው የሚወጣው። የአው አባድርን መካን መዘየር (መጎብኘት) የፈለገ የድሬ ሰው ግን ጠዋት ሚኒባስ ይይዛል፣ የደንገጎን ዳገት ይወጣል።