የሙታን መንፈስ ይመላለስባቸዋል የሚባሉ ቴአትር ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዕድሜ የጠገበ ቴአትር ቤት የሙት መንፈስ ወሬ አያጣም። ብዙ ጎብኚም ወሬውን ተከትሎ ይመጣል። መምጣቱን እወደዋለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ወሬው በዚያ ቤት የሠሩትንና የሞቱትን እውነተኛ ሰዎች ሲያስረሳ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ነገሮችን ላስተካክል። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተተወ ባዶ ሕንፃ ነው»

ዝነኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም ትርኢት ያሳያሉ። ስለዚህ የጉብኝቱን ሰዓት ልምምዱና ትርኢቱ ይወስኑታል፤ መድረኩም ሊዘጋ ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

«መንፈሱ የሕንፃውን ያህል ዕድሜ አለው»

በለንደኑ ድሩሪ ሌን ሮያል ቴአትር ግራጫ ካባ የደረበና ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው በቀን ትርኢት ሰዓት በላይኛው ሰገነት ያልፋል ይባላል። አለባበሱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቦታው የመጀመሪያው ቴአትር ቤት የተከፈተው በ1663 ቢሆንም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው ፈረሰ፤ ሦስተኛውን በ1809 እሳት በላው። ዛሬ የቆመው አራተኛው ሲሆን የተከፈተው በ1812 ነው። የተመልካቹ አዳራሽ ደግሞ በ1922 እንደገና ተሠርቷል። እንግዲህ ሰውየው ይሄድበታል የሚባለው ሰገነት በእርሱ ዘመን አልነበረም።

በመዝገብ የሰፈረው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። በ1735 ተዋናዩ ቻርልስ ማክሊን ለትርኢት በሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ፀጉር የተነሣ ከባልደረባው ከቶማስ ሃላም ጋር ተጣላ፤ በንዴት በሰነዘረው ዱላ ዓይኑን ወጋው፤ ሃላምም ሞተ። ማክሊን አስቦ ባልፈጸመው ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ወደ መድረክ ተመለሰ። የሃላምን ስም የሚያነሣ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ በደንብ አድምጡት።

«ሌሊቱን መድረክ ላይ የሚበራው አምፖል ለሙታን ነው»

በተለይ በአሜሪካ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ በመድረኩ መካከል አንድ አምፖል እንደበራ ይቀራል። የመንፈስ መብራት ይሉታል፤ ሙታኑ በብርሃኑ ይጫወቱ ዘንድ ነው የሚሉም አሉ። ጥቅሙ ግን ለሕያዋን ነው። ከመድረኩ ፊት ለፊት የሙዚቀኞች ጉድጓድ አለ፤ ወለሉም የሚከፈቱ ክዳኖች ይኖሩታል። ጠዋት ቀድሞ የሚገባ ሠራተኛ ማብሪያው ዘንድ እስኪደርስ ጨለማ ውስጥ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል። በ2020 ወረርሽኙ ቴአትር ቤቶችን ሲያዘጋ ብዙዎቹ ይህን መብራት የመመለስ ተስፋ አድርገው አብርተውት ቆይተዋል፤ ይህ ከየትኛውም የመንፈስ ተረት ይበልጥብኛል።

«ድንገተኛው ብርድና ኮሽታው ምክንያት የለውም»

ከመድረኩ በላይ የትዕይንት ሥዕሎች የሚሰቀሉበት ረጅም ማማ አለ። በዚያ ያለው አየር ከአዳራሹ ሲቀዘቅዝ መጋረጃው በተነሣ ጊዜ ወደ ፊተኞቹ ወንበሮች ይወርዳል። ተመልካቹ ሲወጣ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ያረጀ እንጨትም ይንቋቋል። አዳራሹ የተዋናዩን ድምፅ እስከ ኋላ እንዲያደርስ የታነጸ ስለሆነ ትንሹ ኮሽታ ሩቅ ይሰማል። በፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት ክብ ብርሃኖችም ብዙውን ጊዜ የካሜራው ብልጭታ ያበራው አቧራ ናቸው።

«ከፓሪሱ ጋርኒዬ ኦፔራ ሥር ሐይቅ አለ»

ሐይቁን ዝነኛ ያደረገው «የኦፔራው መንፈስ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በእውነት ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ መሠረቱ ሲቆፈር የከርሰ ምድር ውኃ ስላስቸገረ የተሠራ። የከተማዋ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ይለማመዱበታል።

«የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን የሞተው በፎርድ ቴአትር ውስጥ ነው»

በዋሽንግተኑ ቴአትር ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ተተኮሰበት እንጂ የሞተው በማግስቱ ጠዋት፣ ከመንገዱ ማዶ በሚገኝ ማረፊያ ቤት ነው። የምታዩት አዳራሽም የዚያን ሌሊቱ አይደለም። ሕንፃው በኋላ የመንግሥት ቢሮ ሆኖ በ1893 ወለሎቹ ተደርምሰው 22 ሠራተኞች ሞቱ። ውስጡ የ1865ቱን መልክ እንዲይዝ ታድሶ በቴአትር ቤትነት የተከፈተው በ1968 ነው። ስለ እነዚያ ሠራተኞችም ጠይቁ።

«የአደጋ ቦታ የሚጎበኘው ለመፍራት ነው»

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በቺካጎ ከአይሮኮይ ቴአትር ጀርባ በነበረው ጠባብ መተላለፊያ መናፍስት ይታያሉ እየተባለ ሰው ይጎርፋል። ታኅሣሥ 30 ቀን 1903፣ በበዓል ሰሞን የቀን ትርኢት፣ የመድረክ መብራት መጋረጃ አቀጣጠለ። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቤቱ ከተከፈተ ገና ሳምንታት ብቻ ሆኖት፣ እሳት አይነካውም ተብሎም ማስታወቂያ ተነግሮለት ነበር። እሳት መከላከያው መጋረጃ መሐል ላይ ተሰንክሎ ቀረ፤ ከመውጫዎቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ ሌሎቹ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። የሞቱት በሰው ቸልተኝነት ነው፤ እነርሱን ማስፈራሪያ ማድረግ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ዛሬ በቦታው ያለው በ1926 የተከፈተ ሌላ ቴአትር ቤት ነው።

ከአደጋው በኋላ የመውጫ በሮችና የእሳት መከላከያ ደንቦች ተጠናከሩ። አግዳሚ ብረቱ በሰውነት ሲገፋ የሚከፈተው በርም በአሜሪካ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በምትጎበኙት ቴአትር ቤት እነዚህን በሮች ፈልጉ፤ እሳት መከላከያው መጋረጃ የት እንዳለም ጠይቁ። በብሪታንያ ቴአትር ቤቶች ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ከመቀመጫችሁ ካልተነሣችሁ በተመልካች ፊት ሲወርድ ልታዩት ትችላላችሁ።