የምንዛሪ ኪሳራ ምንድን ነው?

የምንዛሪ ኪሳራ ማለት በውጭ ገንዘብ ዕዳ ያለበት ድርጅት የብር ተመን በመውረዱ ብቻ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ዕቃው ያው፣ የዶላር ዋጋውም ያው ሆኖ በብር የሚከፈለው ይጨምራል። ትዕዛዝ የሞላለት ፋብሪካ ሳይቀር በዚህ ሊዘጋ ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንድ የጄሪካን ፋብሪካ ከዚያ በፊት የ100,000 ዶላር፣ ማለትም የ5.7 ሚሊዮን ብር ጥሬ ዕቃ ከውጭ አቅራቢ በዱቤ ወስዷል እንበል። በዚህ ሒሳብ ዋጋ ተምኖ ጄሪካኑን ሸጦ ጨርሷል። መክፈያው ሲደርስ ዶላር 110 ብር ከሆነ የሚፈለግበት 11 ሚሊዮን ብር ነው። የገዛውን ነጋዴ ተመልሶ «ጨምርልኝ» ሊለው አይችልም፤ 5.3 ሚሊዮኑ ከራሱ ኪስ ይወጣል።

ዕዳ የሌለበትም አያመልጥም። ድሮ 100 ቶን ያስገባለት የነበረው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ በ110 ብር ተመን 52 ቶን አይሞላለትም። ቀረጡም የሚሰላው ባበጠው የብር ዋጋ ላይ ነው። ማሽኑ በግማሽ አቅም እየሠራ ኪራዩ፣ ደሞዙና የባንክ ወለዱ ግን ሙሉ ናቸው። ባንክ ሄዶ ተጨማሪ ብድር እንዳይጠይቅ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገድቦ ነበር። በእኔ እምነት ብዙ አምራቾችን ያንገዳገደው የምንዛሪው ለውጥና የብድር ገደቡ መገጣጠም ነው።

ጉዳቱ እኩል አልነበረም። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወረፋው አልደርስ ብሎት ዶላሩን በጥቁር ገበያ ሲያገኝ የኖረ አምራች ዋጋውን ቀድሞ በውድ ተመን ሠርቶታል፤ ለእሱ ለውጡ ያን ያህል ድንገተኛ አልነበረም። የከፋው በባንክ ተመን ተማምኖ ዱቤ የወሰደው ነው።

«የብር መዳከም ላኪውን ይጠቅማል» ሲባልም ምን ያህሉን ብለን መጠየቅ አለብን። ጨርቁን፣ ክሩንና ቁልፉን ከውጭ አስመጥቶ ልብስ ሰፍቶ የሚልክ ፋብሪካ ከለውጡ የሚያተርፈው በብር በሚከፍለው ላይ ብቻ ነው፤ ያም በአብዛኛው የሰፊዎቹ ደሞዝ ነው።