በአውስትራሊያ የውስጥ አገር የካራቫን ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኝታና ማብሰያ ያለውን ካራቫን ከመኪና ኋላ አስሮ «አውትባክ» ወደሚባለው ሰፊ የአውስትራሊያ የውስጥ አገር መዝለቅ የሚያጓጓም የሚያስፈራም ጉዞ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚፈራው እምብዛም የማያሰጋውን፣ የሚንቀው ደግሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባውን መሆኑ ነው።

«ዋናው አደጋ እባብና አዞ ነው»

መርዘኛ እባቦች በእርግጥ አሉ፤ በሰሜኑ ክፍልም ሰው የሚበላ አዞ ስላለ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በተተከለበት ውኃ መግባት አይገባም። ሆኖም ካራቫን ጎታች ቀኑን የሚያሳልፈው መሪ ጨብጦ ስለሆነ ትልቁ ስጋት ያለው መንገዱ ላይ ነው። ንጋትና ምሽት ላይ ካንጋሮዎች ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፤ ብዙ የከብት እርባታዎች በመንገዱ ዳር አጥር ስለሌላቸው የቀንድ ከብትም በድንገት ይገጥማል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚቆሙት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ተሳቢ በተሳቢ ላይ የቀጠሉ፣ ርዝመታቸው እስከ 53.5 ሜትር የሚደርስ «ሮድ ትሬን» የሚባሉ የጭነት መኪናዎች አሉ። እነዚህን ካራቫን እየጎተቱ ለመቅደም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥርት ያለ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። ሾፌሮቹ በመገናኛ ሬዲዮ ቻናል 40 ላይ ስለሚገኙ አስቀድሞ ማነጋገር ይቻላል፤ መኪና በቀኝ መንዳት ለለመደ እንደ እኛ ላለ ሰው ደግሞ መንገዱ በግራ መሆኑ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

«መኪናው እስከጎተተ ድረስ የፈለጉትን መጫን ይቻላል»

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። የአውስትራሊያ ሕግ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው፣ ከ2,000 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ከመኪናው ቢላቀቅ በራሱ የሚያቆመው ፍሬን እንዲገጠምለት ያስገድዳል። መቶ ሊትር ውኃ መቶ ኪሎ መሆኑን የሚረሳ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከተፈቀደው ክብደት ያልፋል። አቀማመጡም ከመጠኑ ያላነሰ ነገር ነው፤ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ከጎማዎቹ በላይ መሆን አለበት፣ ከጠቅላላው ክብደትም አንድ አሥረኛ ያህሉ በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ኋላው የከበደ ካራቫን በነፋስ ወይም በሮድ ትሬን ግፊት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ የመኪናውን ፍሬን በኃይል መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል፤ መደረግ ያለበት መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መቀነስና የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው መያዝ ነው።

«አውትባክ መንገድ የሌለው አሸዋ ነው»

በደቡብ ካለችው ከፖርት ኦገስታ እስከ ሰሜኗ ዳርዊን 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው። የነለርቦርን ሜዳ የሚያቋርጠው የኤር አውራ ጎዳናም እንዲሁ ሲሆን፣ 146.6 ኪሎ ሜትር ያህል አንዲት መታጠፊያ የሌለው ክፍል አለው። በእነዚህ ላይ ተራ ካራቫን ይበቃል። እንደ ጊብ ሪቨር ያሉት መንገዶች ግን አብዛኛው ክፍላቸው ኮረኮንች ስለሆነ ለዚያ ያልተሠራን ካራቫን ብሎኑን ያላላሉ፣ ቁም ሣጥኑን ያፈርሳሉ፤ በዝናብ ወራትም ይዘጋሉ፣ የተዘጋ መንገድ ጥሶ መግባትም ያስቀጣል።

አስፋልት አለ ማለት ግን ማደያ አለ ማለት አይደለም። በስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ ካለችው ከኩበር ፒዲ ከተማ በስተደቡብ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ የማይገኝበት ክፍል አለ። ካራቫን መጎተት ደግሞ ፍጆታውን በግማሽና ከዚያም በላይ ሊጨምር ስለሚችል፣ በተለይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ በባዶ መኪና የተሰላ ስሌት አይሠራም።

«ከተበላሸ ስልክ እደውላለሁ»

ከከተሞችና ከማረፊያ ጣቢያዎች አካባቢ ርቆ የሞባይል አገልግሎት ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይኖር ይችላል። የሳተላይት ስልክ ወይም የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ መሣሪያ መያዝ፣ የሚደርሱበትንም ቀን ለሰው መናገር ያስፈልጋል። ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፕላን ሕክምና የሚያዳርሰው «የበራሪ ሐኪሞች» አገልግሎት ሩቅ ድረስ ይመጣል፤ ነገር ግን ያሉበትን ማወቅ አለበት። እርዳታ ፍለጋ በእግር መሄድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውኃውም ጥላውም ያለው ካራቫኑ ዘንድ ነው፣ ከሰማይም በቀላሉ የሚታየው እርሱ ነው።

«በረሃ ስለሆነ ምንጊዜም ይሞቃል»

በአገሩ መካከል ባለችው በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ የሰኔና የሐምሌ ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከባዱ ሙቀት ያለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው።

«ባዶ ምድር ስለሆነ የትም ማደር ይቻላል»

ባዶ የሚመስለው ምድር ባለቤት አለው። ከሰሜናዊው ግዛት ግማሽ ያህሉ የነባሮቹ ሕዝቦች መሬት ሲሆን፣ ከላቨርተን ወደ ዩላራ በሚወስደው ታላቁ ማዕከላዊ መንገድ ለመጓዝም ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ኡሉሩ የተባለውን ታላቅ ዓለት መውጣት በባለቤቶቹ በአናንጉ ሕዝብ ፍላጎት ከጥቅምት 26 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። በነለርቦር በኩል ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ የሚገባ ሰው ደግሞ ፍራፍሬውን፣ አትክልቱንና ማሩን በድንበሩ ኬላ ያስረክባል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ሞልቶ መነሣት ትርፉ ለኬላ መገበር ነው።