ታብሌትን በጣት ወይስ በፊት መክፈት? ከጎንደር ቤት ሲታይ

ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ታብሌት ግን የቤት ዕቃ ነው። በጎንደርም እንደ ሌላው ከተማ ካባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እንግዳ ሲዞር ይውላል። የባዮሜትሪክ (ሰውን በጣት አሻራ ወይም በፊቱ የመለየት) ነገር የሚወሳሰበውም እዚህ ጋ ነው፤ የተሠራው ለአንድ ባለቤት ነውና።

አፕል አሻራ ማንበቢያን እ.ኤ.አ. በ2014 አይፓድ ኤር 2 ላይ አስገባ። በ2018 አይፓድ ፕሮ ፊት ወደ መለየት ተሻገረ። ይኼኛው በዓይን የማይታዩ ከ30,000 በላይ ነጥቦችን ፊት ላይ አሳርፎ የፊቱን ቅርጽ ይለካል። እንደ ኩባንያው ስሌት ባዕድ ሰው በአጋጣሚ የመክፈት ዕድሉ በአሻራ ከ50,000 አንድ፣ በፊት ከ1,000,000 አንድ ነው። መንታ ካለዎት ግን ይህን ቁጥር ይርሱት።

ርካሽ የአንድሮይድ ታብሌቶች ሌላ ነገር ናቸው። ብዙዎቹ አሻራ ማንበቢያ የላቸውም፤ ፊት የሚያዩት በተራ ካሜራ ነው። ተራ ካሜራ ጥልቀት ስለማይለካ ፎቶ ሊሸውደው ይችላል። በ2011 የመጣው የአንድሮይድ 4.0 ፊት መክፈቻም በፎቶ ተከፍቷል።

ጣትም ጣጣ አለው። አብዛኛው የታብሌት ማንበቢያ የቆዳውን ከፍታና ዝቅታ በኤሌክትሪክ ልዩነት ነው የሚያነበው። ጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ውላችሁ እጃችሁ ጠበል እንደነካው ሞክሩት፤ እምቢ ይላል። ሊጥ የነካው እጅም ያው ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው ደግሞ አሻራው ራሱ ያልቃል። ፊት ይሻላል እንዳይባል፣ በጠዋቱ ብርድ አፍና አፍንጫን በጋቢ ከሸፈኑ አይፓዱ አያውቅዎትም።

አሻራ ያለው አይፓድ እስከ 5 ጣት ይመዘግባል። የልጅዎን ጣት ካስገቡ በአሻራ የሚከፈተው የባንክ መተግበሪያም ለልጁ ሊከፈት ይችላል። የተኛ አባት ጣትም ይሠራል። ፊት መለያው ግን እንደ ነባሪው ቅንብር ዓይን ገልጦ ማየትን ይጠይቃል፣ እሰየው!

ለፋይዳ የሰጡት አሻራ ከዚህ ጋር አይገናኝም። አይፓድ ላይ የሚቀመጠው የጣቱ ፎቶ ሳይሆን በቁጥር የተገለጸ ምልክቱ ነው፤ ከዕቃውም አይወጣም። ለማንኛውም ታብሌቱ ጠፍቶ ሲበራ፣ ወይም 5 ጊዜ ሲሳሳቱ፣ የሚጠይቀው ፒን ነው። ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 አማራጭ አለው፤ ባለ 6 አሃዙ 1,000,000። ልጁ ግን አማራጭ አይቆጥርም፤ ከትከሻዎ ኋላ ቆሞ ያያል።