ብሪጅ ፕሮግራም ምንድን ነው? ኮምፒውተር ሳይንስ ሳይማሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ

የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ፣ ምደባ ወጣ፣ ስማችሁን ያገኛችሁት ጭራሽ ባላሰባችሁት ዲፓርትመንት ሥር ነው። እኔ ፊዚክስ ነበር የደረሰኝ። ተማርኩት፣ እያደር ወደድኩትም። ግን የላብ ዳታ በእጅ ማስላት ሰልችቶኝ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሞክሬ፣ ኮዱ ሲሠራልኝ ካየሁባት ሌሊት ጀምሮ ልቤ ወደ ኮምፒውተር ሸፈተ። ተመርቄ "ማስተርሴን በኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው" ስል ቤተሰቡ ሁሉ "እንዴት ሆኖ? አንተ የተማርከው ሌላ!" አለኝ።

አፕላይ ማድረግ ጀመርኩ። የማመልከቻ ክፍያው በዶላር ነው፣ እኔ ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ አልነበረኝም። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ከደሞዟ የከፈለችልኝ። ሁለት ቦታ አመለከትኩ፣ ሁለቱም አልተቀበሉኝም። በጣም ነበር የከፋኝ፤ ከራሴ ይልቅ ለእሷ ገንዘብ። ቆይቶ ሲገባኝ ችግሩ ውጤቴ ላይ አልነበረም። መስፈርታቸው "ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ መስክ" ይላል። እኔ ይህችን "ተዛማጅ" የምትል ቃል እንደ አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ አንብቤያት፣ ፊዚክስም እኮ ሳይንስ ነው፣ ይዛመዳል ብዬ ገባሁበት። ለእነሱ ተዛማጅ ማለት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነበር። እንደኔ ላለ ሰው ተብሎ የተሠራ ሌላ በር እንዳለ ያኔ የነገረኝ የለም። ያ በር ብሪጅ ፕሮግራም ይባላል።

ብሪጅ ድልድይ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሌላ ትምህርት ለያዙ ሰዎች የተዘጋጀ የኮምፒውተር ማስተርስ ማለት ነው። መደበኛው ማስተርስ መሠረቱን ይዛችሁ እንድትመጡ ይጠብቃል፤ ብሪጁ ግን መሠረቱን ራሱ ያስተምራችኋል። እንግሊዝ አገር ይህንኑ ኮንቨርዥን ማስተርስ ይሉታል። ኢኮኖሚክስም ተማሩ ነርሲንግ፣ ሲቪልም ይሁን ቋንቋ፣ የተከፈተው ለእናንተ ነው።

መሠረት የምለው ምኑን ነው? ዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው ፕሪሪኩዚት የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ካልኩለስ ዋን ኤፍ ከመጣባችሁ ካልኩለስ ቱ መመዝገብ የለም። ማስተርሱም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ፕሪሪኩዚቱ አንድ ኮርስ ሳይሆን አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ የሚወስዳቸው ኮርሶች ስብስብ መሆኑ ነው፦ ፕሮግራሚንግ፣ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ኮምፒውተር አርክቴክቸር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ከሒሳቡ ወገን ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ። ኢንጂነሪንግ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይም ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ካላችሁ የሒሳቦቹ አብዛኛው ትራንስክሪፕታችሁ ላይ አለ። ያ ትልቅ ነገር ነው፣ አታቅልሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "እኔ ኮድ እጽፋለሁ፣ ዌብሳይት ሠርቼ አውቃለሁ፣ ብሪጅ ምን ያደርግልኛል?" ይላል። ኮድ መጻፍና ኮምፒውተር ሳይንስ አንድ አይደሉም። ምሳሌ ልስጣችሁ። በፊደል ተራ የተደረደረ የአንድ ሚሊዮን ሰው ስም ዝርዝር አለ እንበል። አንድ ስም ፈልጉ ተባላችሁ። ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ካያችሁ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ከሆነ 1,000,000 ጊዜ ታያላችሁ። መሃሉን ከፍታችሁ "ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" እያላችሁ በየጊዜው ግማሹን ከጣላችሁ ግን 20 ጊዜ ይበቃል። ሃያ ብቻ! ይህን በኮድ መጻፍ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ነው። ለምን 20 እንደሆነ በሒሳብ ማሳየት፣ ዝርዝሩ ባይደረደርስ፣ በየሰከንዱ አዲስ ስም ቢጨመርበትስ ብሎ አስቦ ለዚያ የሚሆነውን አቀማመጥ መምረጥ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም የሚባለው እሱ ነው። የማስተርስ አስተማሪ ይህን ታውቁታላችሁ ብሎ ነው የመጀመሪያ ቀን ክፍል የሚገባው። ማመልከቻችሁን የሚያየው ኮሚቴም የሚያሳስበው ዲግሪያችሁ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ትዘልቃላችሁ ወይ የሚለው ነው።

እሺ፣ የት አለ? አሜሪካ ውስጥ በጣም ከሚታወቁት አንዱ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ አላይን የሚባለው ፕሮግራም ነው፣ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሲያትል ላይ የተጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ሴሚስተር የብሪጅ ኮርሶችን ትወስዳላችሁ፤ ፕሮግራሚንግ ከዜሮ፣ ዲስክሪት፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ዲዛይን፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም። ከዚያ ከመደበኛዎቹ የማስተርስ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅላችሁ ትቀጥላላችሁ፤ የምትመረቁበትም ዲግሪ ያው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ኤምሲአይቲ የሚባል ማስተርስ አለው። 10 ኮርስ ነው፣ ስድስቱ መሠረት የሚጥሉ፣ አራቱ ምርጫ። ከ2019 ወዲህ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ በኩል በኦንላይንም ይሰጣል።

እንግሊዝ አገር ነገሩ አጠር ይላል፣ አንድ ዓመት ነው። አጠር ይላል ማለት ግን ይቀላል ማለት አይደለም፤ መስከረም ላይ ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይጽፋል፣ ትንፋሽ አይሰጥም። እዚያ የምትጠነቀቁት ስሞቹን ነው። ኢምፔሪያል ኮሌጅ ውስጥ "ኮምፒውቲንግ" የሚለው ማስተርስ ለሌላ ትምህርት ተመራቂዎች ነው፣ "አድቫንስድ ኮምፒውቲንግ" የሚለው ኮምፒውተር ለተማሩ። ዩሲኤል (ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን) ደግሞ እንዲሁ በደፈናው "ኮምፒውተር ሳይንስ" የሚለው ማስተርስ ነው ኮንቨርዥኑ። ስሙን ብቻ አይቶ የሚያመለክት ሰው ልክ እንደኔ ነው የሚሆነው።

ለኛ አገር ሰው እንግሊዝን የማነሳበት ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ቼቭኒንግ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ ኢትዮጵያውያንም ያመለክታሉ። ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ወደ ሁለት ዓመት ሥራ ማለት ነው። ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት አገራችሁ መቆየት አለባችሁ። ባንክ ቤት ወይም ኮንስትራክሽን ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ኮምፒውተር መዞር ለሚፈልግ ሰው፣ "ለምን ዘርፍ ቀየርክ?" ለሚለው ጥያቄ ከሥራው ውስጥ የወጣ መልስ ካለው፣ ከኮንቨርዥን ማስተርስ ጋር በጣም ይሄዳል።

ኦንላይኑን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። የኦንላይን ማስተርስ ቪዛ አያሰጥም። ዲግሪው እውነተኛ ነው፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው፣ ግን በእሱ አሜሪካ መግባት አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ወረቀት ይዛችሁ የምትኖሩ፣ ዲሲ ወይም ዳላስ ቀን እየሠራችሁ ማታ መማር የምትፈልጉ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ባይ ነኝ። የጆርጂያ ቴክ የኦንላይን ማስተርስ ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ጠቅላላ የትምህርት ክፍያው ከ10,000 ዶላር በታች ነው። በሌላ ትምህርት የተመረቀውንም ይቀበላል። ብሪጅ ግን አይደለም፤ መሠረቱን ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራትም ሁለት መሠረታዊ ኮርሶችን ቢና ከዚያ በላይ አምጥታችሁ ማለፍ ግዴታ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ደግሞ በኮርሴራ የሚሰጠው ማስተርስ አለው፣ ትራንስክሪፕት እንኳ አይጠይቅም። የመግቢያ ኮርሶቹን ወስዳችሁ በአማካይ ቢ ካመጣችሁ ገባችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤቱ ዝቅ ያለበት ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጀርመንን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘርፍ ለሚቀይር ሰው ከባድ ነው። አብዛኛው ማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪው ቀጣይ ተደርጎ ነው የሚታየው፤ ትራንስክሪፕታችሁን ይዘው ከኮምፒውተር ይህን ያህል ክሬዲት፣ ከሒሳብ ይህን ያህል እያሉ ይቆጥራሉ። ከጎደለ ጎደለ ነው። አዮዋ ያለው ማሃሪሺ ዩኒቨርሲቲም ሐበሻ በብዛት የተማረበት ስለሆነ ስሙ ቶሎ ይነሳል፣ ግን የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ከወዲሁ ፕሮግራሚንግ የሚችል ሰው ነው የሚፈልገው፣ ከዜሮ የሚያስጀምር አይደለም። አገር ውስጥ ለመማር ካሰባችሁ ደግሞ ከ2023 ወዲህ አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ያው "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃል ናት፤ ዲፓርትመንቱ ድረስ ሄዳችሁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ገንዘቡስ? የአሜሪካ ብሪጅ ፕሮግራሞች ባብዛኛው በራስ ወጪ ናቸው፣ ይህን ደብቄ አልጽፍም። ፈንድ ያለው ፒኤችዲ ላይ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ብዙ የአሜሪካ የኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪው የግድ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሁን አይሉም። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኤሌክትሪካል ወይም ስታቲስቲክስ ተምሮ የምርምር ሥራ ማሳየት የሚችል ሰው ብሪጅ ሳያስፈልገው በቀጥታ ሊገባ ይችላል። ፌይ ፌይ ሊ ፕሪንስተን የተማረችው ፊዚክስ ነው፤ ዛሬ ስታንፎርድ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት። የእሷ የፒኤችዲ ተማሪ የነበረችው፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ደግሞ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምራ፣ አፕል ውስጥ የድምፅ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ሠርታ ነው ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲረዳ ወደሚያደርገው ዘርፍ፣ ወደ ኮምፒውተር ቪዥን የገባችው። ሁለቱም የመጀመሪያ ትምህርታቸውን አልጣሉትም፣ ሒሳቡን ይዘውት ነው የሄዱት።

ይህ ማመልከቻ ላይም ይሠራል። የዓላማ መግለጫ ስትጽፉ "ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወድ ነበር" አትበሉ፣ ሁሉም ይላታል። የራሳችሁ ትምህርት ውስጥ ኮምፒውተር ያስፈለጋችሁን ቦታ ጻፉ። ሲቪል ተማሪዋ የጎርፍ ስሌት ላይ ያጋጠማትን፣ ነርሱ የታካሚ ካርድ ሲጠፋ ያየውን። አንድ እውነተኛ ችግር፣ እሱን ለመፍታት የሞከራችሁት ኮድ፣ ከዚያ ዕውቀታችሁ አልበቃ ያለበት ቦታ። ያ ነው አንባቢውን የሚይዘው።

ሰርተፊኬትን በተመለከተ፣ በ2024 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የወሰዳችሁ ብዙ ናችሁ። ጥሩ አደረጋችሁ፣ ጻፉት። ፍላጎት ያሳያል፣ ግን ግሬድ ያለው ኮርስን አይተካም። ከተቻላችሁ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ፣ በተለይ ዲስክሪትና ዳታ ስትራክቸር፣ ግሬድ በሚሰጥ ቦታ ውሰዱ። ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ በኤክስቴንሽን ይሁን፣ ክሬዲት በሚሰጥ ኦንላይን ይሁን። እኔ ሦስተኛ ጊዜ ሳመለክት የተለወጠው ይህ ነበር። ሁለት ኮርስ ጨመርኩ፣ በሩንም አጣርቼ መረጥኩ፣ ተቀበሉኝ። የድጋፍ ደብዳቤም ከሦስቱ አንዱ ኮዳችሁን ካየ ሰው ቢሆን ደግ ነው፤ የፊዚክስ አስተማሪዬ ያቺን የፓይተን ሥራ አስታውሶ ነበር የጻፈልኝ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የምታወጡ ደግሞ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ሳያልቅ ሬጅስትራር ጋ ብዙ ትመላለሳላችሁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ላኩ። የተማራችሁትን ትምህርት፣ የወሰዳችኋቸውን የሒሳብና የፕሮግራሚንግ ኮርሶች ከነግሬዳቸው ዘርዝሩና "ከእንደዚህ ዓይነት መነሻ ተማሪ ትቀበላላችሁ ወይ? የሚጎድለኝስ የትኛው ኮርስ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው የማመልከቻ ክፍያ ነፃ የሚደረግበት መንገድ ካለም ጠይቁ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው፣ ግን ላልጠየቀ አይሰጡም።