የመግዛት አቅም እኩያነት ምንድን ነው?

ለጥምቀት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው አጎቴ ሰፈራችን ካለው ፀጉር ቤት ተስተካክሎ ሲወጣ 200 ብር ከፈለ። ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ በልቡ አሰላ፤ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ሁለት ዶላር አይሞላም። «እዚያ እኮ በ30 ዶላር ነው የምስተካከለው፤ ጉርሻው ሳይቆጠር» አለኝ። ማሽኑ ያው ነው፣ መቀሱም ያው፣ የፈጀው ጊዜም ያው ግማሽ ሰዓት። እንዲያውም የኛው ባለሙያ ፊቱን በትኩስ ፎጣ ጠርጎ፣ ትከሻውን አሽቶ ነው የሸኘው።

የአገሮችን ኢኮኖሚ ለሚያወዳድር ተመራማሪ ይህ የራስ ምታት ነው። በባንክ ምንዛሪ ከተሰላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የተቆረጠው ፀጉር አዲስ አበባ ከተቆረጠው ከ15 እጥፍ በላይ የሚበልጥ «ምርት» ሆኖ ይመዘገባል። ከወንበሩ የተነሣው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ የተስተካከለ ራስ ነው። እንዲህ ያለውን መዛባት ለማረም የሚሠራበት ስሌት የመግዛት አቅም እኩያነት ይባላል። በምህጻር ፒፒፒ ይሉታል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነትም በዚሁ ምህጻር ስለሚጠራ፣ በዜና ሲነሣ የትኛው እንደሆነ አጣርቶ መስማት ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ የገበያ ዘንቢል ጉዳይ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃና አገልግሎት የሞላበት ዘንቢል አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 4,000 ብር ፈጀ እንበል (ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው ያመጣሁት)። እንግዲያው በዚህ ስሌት አንድ ዶላር 40 ብር ነው፤ ባንክ ቤቱ የፈለገውን ይበል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ገንዘብ «ዓለም አቀፍ ዶላር» ይባላል። ማንም በእጁ ይዞት አያውቅም፣ በየትኛውም መስኮት አይመነዘርም፤ የሚኖረው በተመራማሪዎች ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው።

የባንኩ ምንዛሪ ለምን አልበቃም? የዶላርን ዋጋ የሚወስነው ድንበር የሚሻገረው ነገር ስለሆነ ነው፤ ቡናው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ ብድሩ፣ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ። ፀጉር አስተካካይ ግን በመርከብ አይጫንም። ሀብታም አገር ውስጥ ፋብሪካውና ቴክኖሎጂው ከፍ ያለ ደመወዝ ስለሚከፍሉ፣ ፀጉር ቤቱም ሠራተኛው ጥሎት እንዳይሄድ የዚያኑ ያህል ለመክፈል ይገደዳል። ኢኮኖሚስቶቹ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን ይህን ለየብቻቸው በ1964 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር አብራርተውታል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

የመግዛት አቅም እኩያነት የሚለውን ስም ያወጣው ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ጉስታቭ ካሰል ነው፤ በ1918። ስሌቱ በተግባር የዋለው ግን ከ1968 ወዲህ የተባበሩት መንግሥታትና የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፉን የዋጋ ንጽጽር ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውጤት፣ የ1970ው፣ አሥር አገሮችን ብቻ ይዞ ነበር። ዛሬ በዓለም ባንክ አስተባባሪነት ይካሄዳል፤ የ2021ው ዙር 176 አገሮችንና ግዛቶችን አካቷል።

ትልቁ ችግር ዘንቢሉ ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ነው። ዋጋ ሰብሳቢው ገበያ ሲወጣ ዝርዝር ይዞ ነው፤ የሩዙ ዓይነት፣ የማሸጊያው መጠን፣ የሸሚዙ ጨርቅ ሳይቀር ተጽፎለታል። ያ ካልሆነ ባስማቲን ከተራ ሩዝ ጋር ማወዳደር ይመጣል። ታዲያ ጤፍን ከምን ጋር ያወዳድሩት? በእኛ አገር የዕለት ጉርስ ነው፤ ባንኮክ ውስጥ ግን በየገበያው አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው የብርቅ ዕቃ ዋጋ ነው። ሩዝ ደግሞ ታይላንድ ውስጥ የድሃው ምግብ ነው፤ እዚህ ብዙ ቤት ውስጥ ከእንጀራ ቀጥሎ የሚታሰብ ነው። ሁለቱ አገሮች የሚጋሩት ነገር ብቻ ይመዘን ከተባለ፣ ሰው በየቀኑ የሚበላው ከሚዛን ይወጣል። ጤፉን እናስገባው ከተባለ ደግሞ ንጽጽሩ አጣማሪ ያጣል። እንደኔ እንደኔ ከዚህ አጣብቂኝ ንጹሕ መውጫ የለም። ስሌቱ በተቻለ መጠን ጎረቤት የሆኑትንና የሚመሳሰሉትን አገሮች እርስ በርስ እያወዳደረ፣ ከዚያ አህጉሮቹን በጋራ ዕቃዎች ያያይዛል፤ ስፌቱ ግን ይታያል። የመንግሥት አስተማሪና ነርስ አገልግሎት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ የገበያ ዋጋ ስለሌለው በደመወዝ ይገመታል፤ 60 ተማሪ የሚያስተምረውና 20 የሚያስተምረው እኩል አይደሉም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «በቀን ከ3 ዶላር በታች የሚኖሩ» የሚል ዜና ሲወጣ፣ አንባቢው ስልኩን አውጥቶ ሦስቱን በዕለቱ ምንዛሪ ያባዛና «ይህማ ድህነት አይደለም» ይላል። አይባዛም። የዓለም ባንክ በሰኔ 2025 ያወጣው የ3 ዶላር መስመር በ2021 ዋጋ የተሠራ ዓለም አቀፍ ዶላር ነው። ትርጉሙም በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በ3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ብቻ ይዞ መዋል ነው፤ ቤት ኪራዩም፣ ምግቡም፣ ልብሱም ከዚያችው። በብር ሲመለስ ከባንኩ ብዜት በእጅጉ ያንሳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን የሆነውን ላስታውስ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በባንክ ምንዛሪ ለሚያሰላ ሰው የእያንዳንዳችን ገቢ በወረቀት ላይ ወደ ግማሽ ወርዷል። የአደኣ ገበሬ የዘራው ጤፍ ግን በእነዚያ ሳምንታት በአንዲት እፍኝ አልቀነሰም። የመግዛት አቅም ስሌት የሚከተለው የአገር ውስጡን ዋጋ ስለሆነ፣ የሚነቃነቀው የኑሮ ውድነቱ ልክ ሲለወጥ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ግን የማይነቃነቅ አለት አይደለም። ቻይና በንጽጽሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተችው በ2005ቱ ዙር ነው፤ ውጤቱ ሲወጣ ዋጋዋ ከተገመተው በላይ ውድ ሆኖ ተገኘ፣ የኢኮኖሚዋ መጠንም በ40 በመቶ ገደማ ተቀነሰ። ከ1 ቢሊዮን በታች ይባል የነበረው የዓለም ድሆች ቁጥርም 1.4 ቢሊዮን ተባለ። በአንድ ሌሊት የተራበ አዲስ ሰው የለም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

የአየር ንብረት ጥናትም ከዚህ አላመለጠም። በ2003 ኢያን ካስልስና ዴቪድ ሄንደርሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች፣ የወደፊቱ የካርቦን ልቀት ትንበያ በባንክ ምንዛሪ መሠራቱን ነቀፉ። በባንክ ምንዛሪ የድሃውና የሀብታሙ ልዩነት ተጋንኖ ይታያል፤ ድሃው ይደርስበታል ብሎ ለሚተነብይ ደግሞ ዕድገቱም ልቀቱም አብሮ ይጋነናል አሉ። ትንበያውን የሠሩት ወገኖች በበኩላቸው የልቀቱ ልዩነት ያን ያህል አይደለም ብለው መለሱ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የባንኩን ዶላር የናቅሁ እንዳይመስል። ማዳበሪያና ነዳጅ የሚገዛ መንግሥት በዓለም አቀፍ ዶላር እከፍላለሁ ቢል የሚሰማው የለም፤ ዕዳም የሚከፈለው በእውነተኛው ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ እዚህ ርካሽ አይሆንም፤ ከነቀረጡ ብዙ ጊዜ ይብሳል። አጎቴ ሲመጣ በሻንጣው ሁለት ላፕቶፕና አራት ስልክ ይዞ ነበር። ሲመለስ በዚያው ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ሞላበት፤ ጠዋት ወደ ቦሌ ከመሄዱ በፊትም አንድ ጊዜ ልስተካከል ብሎ ፀጉር ቤቱ ጎራ አለ።